ቃል የሚያዘው ከሥሩ ነው

ሰው የለቀቀው ሰፈር ሌሊት ከሚያስፈራው ይልቅ ቀትር ላይ የሚያስፈራው ይብሳል። ሌሊትስ በጨለማው ይሳበባል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን በምን ይሳበባል? ጦርነቱ ከካርቱም ከተማ ከወጣ በኋላ በናይል ዳር ያለችው አል-ማንሺያ እንዲያ ነበረች። ቪላዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ በሮቻቸው ግን ተነቅለው ሄደዋል። መጋረጃ በተሰበረ መስኮት ይወጣል ይገባል፤ ነፋስ ነው ብሎ ከማለፍ በቀር ቀርቦ የሚያጣራ ጀግና የለም።

ከነዚህ ቤቶች የአንዱ ጋፊር፣ በእኛ ቋንቋ ዘበኛ፣ መሪጌታ ጥዑመልሳን ነበሩ። የቤቱ ባለቤቶች ወደ ካይሮ ሲሸሹ ምግብ የምትሠራላቸውን ወርቅውሃን ይዘዋት ሄዱ። ወርቅውሃ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ እሷም የራሷን ልጅ ዮሳቤጥን ለአባቷ አደራ ሰጥታ ተሰናበተች። ዮሳቤጥ እነሆ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። አያትና የልጅ ልጅ ያን የሚያህል ቤት ለሁለት ይዘው፣ የሚተኙት ግን በበሩ አጠገብ ባለችው በአንዲቱ የዘበኛ ክፍል ነው።

ያን ዕለት መሪጌታ በፈረሰው አጥር ሾልከው ጎረቤት ግቢ ገብተዋል። ባለቤት ያጣውን የአትክልት ቦታ አረም ውጦታል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው እሾሃም ፍሬ እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። «አባባ፣ አስተናግር ለምን ይለቅማሉ?» የሚል ድምፅ ከጀርባቸው መጣ። ከዚያ ግቢ የሰው ድምፅ ከተሰማ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስት ጊዜ ካማተቡ በኋላ ነው ዞር ለማለት የደፈሩት።

መጥረጊያ የያዘች፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ የጠመጠመች ወጣት ሴት ነበረች። መዓሌሽ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ፋሪሃ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። ደሴ ላይ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ካስተማረች በኋላ ኑሮ ገፍቷት ካርቱም ሰው ቤት ገባች። አሠሪዎቿ ሊመለሱ ስለሆነ ቤቱን እንድታጸዳ ቀድመው ልከዋታል። ከመጣች ሦስት ቀኗ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከአጥሩ ወዲያ የሚመጣ አንድ ድምፅ ሰላም ነስቷታል። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ ወሬ አይደለም፣ ዘፈንም አይደለም። ውኃ እንደሚያፈስ ቧንቧ አንድ ቃል፣ ደግሞ አንድ ቃል እያለ ቀኑን ሙሉ አያቋርጥም። «ወላሂ አባባ፣ ጂን ነው ብዬ ቁርኣን ስቀራ ነው የሰነበትኩት» አለቻቸው።

መሪጌታ ጂኑ የልጃቸው ልጅ ዮሳቤጥ መሆኗን፣ ድምፁም የትምህርት ድምፅ መሆኑን ሲነግሯት ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፋሪሃ ግን ዓይኗን ከነጠላቸው ቋጠሮ አልነቀለችም፤ ለጥያቄዋ መልስ አላገኘችማ። እሳቸውም በዚያ ሐሩር የቆመችን የአገር ልጅ ውኃ ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር ስለሆነባቸው ወደ ቤት ጋበዟት።

ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ነጩ ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ የሰው ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ በከሰል ተጽፏል። እንግሊዝኛ ነው፤ ቃል ከቃል ሥር ተደርድሮ፣ ያለ ፍቺ፣ ያለ ክፍተት። ሳሎኑ በኤ የሚጀምሩት ናቸው፤ ትልቁ መኝታ ቤት የቢ ነው፤ የልጆቹ ክፍል የሲ። ሳሎኑ መተላለፊያ ሆኖባቸው እንጂ የሞላውን ክፍል ሁሉ መሪጌታ ይቆልፉታል፤ ቃሉ እንዳይወጣ ይመስል።

ዮሳቤጥ በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ወንበሮቹ ሁሉ ነጭ ጨርቅ እንደ ለበሱ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ጨርቁ ተገፎ ከፊት ለፊቷ ቆሟል። ማንም አልተቀመጠበትም። ፋሪሃ ሰላም አለቻት። ልጅቷ ሳትዞር የሚቀጥለውን ቃል አለች።

መሪጌታ ውኃውን እያቀረቡ ጉዳዩን አስረዱ። ከሃያ ቀን በኋላ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በምትባለው ከተማ ኢምቲሓን፣ ፈተና ማለት ነው፣ አለ። አንድ የነርስ ማሠልጠኛ አርባ ስደተኛ ልጆች ይቀበላል፤ ተፈታኙ ግን ብዙ መቶ ነው፤ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። ካለፈች ሙያ አላት፣ መኖሪያ ወረቀት አላት። ካላለፈች እንደ እናቷ የሰው ድስት ስታማስል ትኖራለች። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ እንድትይዝ በቀን ሃምሳ ሃምሳ ቃል ቆረጡላት። ዲ ላይ ደረሰች፤ ነገር ግን ዲ ሲገባ ኤ መውጣት ጀመረ። በተቀደደ ስልቻ እህል መክተት ሆነ።

«ስልቻውን መስፋት አለብኝ» አሉ መሪጌታ ቋጠሯቸውን እየዳበሱ። «አብሾ ላጠጣት ነው። ለእሑድ አዘጋጅቻለሁ።»

አብሾን የማያውቅ ቢኖር ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት ትምህርት አልገባ ያለው አንዳንድ ተማሪ አስተናግር ከሚባለው ከዚህ ተክል የተቀመመ ነገር በምስጢር ይጠጣ ነበር ይባላል። ከጠጣ በኋላ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ይዘጋበታል። የቀናው የሰማውን የማይረሳ ሊቅ ይሆናል ይላሉ፤ ያልቀናውንማ ማን ያወራዋል? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው። ከብት እንኳ አሽትቶ የሚያልፈውን መርዝ ሰው ወስዶ ለገዛ ልጁ አእምሮ ይመኘዋል።

ፋሪሃ ውኃውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። መቆጣት ትችል ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌ ቢቆጡት ከያዘው ነገር ንቅንቅ እንደማይል ታውቃለች።

«አባባ፣ ከንግግርዎ እንደማየው እርስዎ የቅኔ ሰው ነዎት። ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ። መጠየቅ ነውር የለበትም።»

«ግእዝን ሲማሩ ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ ነው የሸመደዱት?»

«ምን ነካሽ፣ ግስ አለው እንጂ። ገብረን የያዘ ተማሪ ግብር፣ ገባሪ፣ ምግባር፣ ተግባር እያለ ያወርደዋል። ሥሩን ይይዝና ባዕዱን ፊደል ከፊት ከኋላ ይቀጥልበታል። ግእዝ እኮ ሥርዓት ያለው ልሳን ነው።»

«እንግሊዝኛስ?»

«እሱ የነጋዴ ቋንቋ ነው። የድንጋይ ክምር ነው፤ ምን ሥር አለው?»

እዚህ ላይ መሪጌታን እንታዘባቸዋለን። ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ግድግዳ ሲቆፍሩ የሰነበቱ ሰው ናቸው። የራሳችን የሆነውን ጥበብ ከራሳችን በቀር ለማንም አልተሰጠም ብሎ ማሰብ ስንቱን ሊቅ ደጅ አስቀርቶታል።

ፋሪሃ ቪዛ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስደተኛ ሆኖ ቪዛ የማያውቅ የታል? እሳቸውም ይህንኑ መለሱላት። እሷም ቪዛ በጥንት ፍቺው የታየ ማለት እንደሆነ፣ ሹም አይቶ ያሳለፈው ወረቀት ማለት እንደሆነ አስረዳች። ሥሩ ማየት ነው። ቴሌ ሩቅ ነው፤ እንግዲያው ቴሌቪዥን ሩቁን ማያ ሆነ። ሱፐር ከላይ ነው፤ ሱፐርቫይዘርም ከላይ ሆኖ የሚያይ። ደግሞ ፖርት መሸከም ነው አለች፤ ኤክስ ወደ ውጭ፣ ኢም ወደ ውስጥ፣ ትራንስ ወዲያ ማዶ። ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት፣ ትራንስፖርት። ሪ መመለስ ነውና ሪፖርት ያዩትን ተሸክሞ ለላከው ሰው መልሶ ማምጣት ነው። አዛውንቱ እነዚህን ቃላት ሁሉ ሲናገሯቸው ዘመን አልፏል፤ ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

ነገሩ ልባቸውን ነካው። ቢሆንም የቅኔ ቤት ሰው በመጀመሪያው ዙር እጁን አይሰጥም። «እሺ፣ ሪ መመለስ ከሆነ፣ ይህ ከደጃችን የሚያልፈው ወንዝ ሪቨር የሚባለው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈስ ሆኖ ነው?»

ፋሪሃ ሳቀች። ሳቋ በተቆለፉት ክፍሎች ውስጥ ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ በዚህስ ረትተውኛል አለችና እውነቱን አመነች፤ በሪ የሚጀምር ሁሉ ሪ የተቀጠለበት አይደለም። ባዕዱ ሲነሣ የሚቀረው ነገር ሥር መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መዝገበ ቃላትም የሚጠቅመው ያኔ ነው። መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «የእኛም እንዲሁ ነው» አሉ። «የመጽሐፍ መ ባዕድ ነው፤ ከጸሐፈ ላይ የመጣ። የመዓር መ ግን የራሱ ነው። የመዓርን መ የላጠ ተማሪ፣ የኔታ ‹ምነው፣ ማር በልተህ አታውቅም?› ይሉት ነበር።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ወጣትነት መጣበት።

ፋሪሃ ጊዜ አላጠፋችም። ከሰሉን አንሥታ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ቃል ጻፈችና ልጅቷን በስሟ ጠራቻት። ዮሳቤጥ ያኔ ዞረች። ፋሪሃ ዓይኖቿን አየች፤ ጥቁሩ ሰፍቶ ሰፍቶ የቀረውን ሊውጠው ደርሷል። ድምፅዋን አጠንክራ፣ በአይ የሚጀምረውን ገና እንዳልደረሰችበት ነገረቻትና አብረው እንዲፈቱት ጠየቀቻት። ቃሉ ኢንቪዚብል ነበር። ኢን ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ‹የማይ› ነው፤ ማፍረሻ። መካከሉን አሁን ከቪዛ ሰምታዋለች። የመጨረሻው ቁራጭ ዘመድ የሆነውን ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ራሷ ጽፋዋለች፤ ኤብል፣ መቻል።

ልጅቷ ጣቷን በከሰሉ ላይ አስኬደች። «የማይ...» አለች። «ማየት... መታየት የማይችል። የማይታይ።» ከዚያ ጣቷን ሳታነሣ ወደ ባዶው ወንበር ዘወር አለች። «እንደ ቢረሳው።»

የመሪጌታ ፊት አመድ መሰለ። በሹክሹክታ ነበር የተናዘዙት። ከትናንት በስቲያ ለመቅመስ ያህል ከአብሾው ጥቂት ሰጥተዋታል። ሰዓትም ሳይሞላ ተነሥታ የዚያን ወንበር ጨርቅ ገፈፈችና «ቢረሳው፣ ቁጭ በል» አለች። ቢረሳው የቅኔ ቤት ጓደኛቸው ነበር፤ የአብሾን ጽዋ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አብረው ጠጥተውታል። ስሙን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አንሥተው አያውቁም፤ ለወርቅውሃ እንኳ።

«ታዲያ ማን ነገራት?» አሉ። «ራሱ መጥቶ ነው እንጂ። ሊያግዛት መጥቶ ነው። ጽዋው ይዟታል፤ አሁን ባቋርጥ ይቆጣል።»

ፋሪሃ ሮጣ ብትወጣ ማን ይፈርድባታል? ቢስሚላህ አለች፣ አንዴ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ግን ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «ዮሳዬ፣ ይህን ስም ከማን ሰማሽው?»

ዮሳቤጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይባላል በሚል ዓይን አየቻት። «ከአባባ ነዋ። ተኝተው በየቀኑ ይጠሩታል። ቢረሳው ተመለስ፣ ውኃው ጥልቅ ነው ይሉታል። አንድ ክፍል አይደል የምንተኛው?»

መሪጌታ ጥዑመልሳን ከልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሳያቋርጡ ተናገሩ። ቢረሳው ከጠጣ በኋላ ዘጠኝ ቀንና ዘጠኝ ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ዳዊት ደገመ። በአሥረኛው ቀን ዓባይ ገባ። ወንዙ ያው ይህ ከደጃቸው የሚያልፈው ወንዝ ነው፤ ላይኛው አገር ላይ። እሳቸው ዳር ቆመው ተመለስ ሲሉት እሱ መዝሙሩን አልተወም፤ ውኃው አፉ እስኪደርስ ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር። እናቱ ስትጠይቅ ለትምህርት ራቅ ወዳለ አገር ሄዷል ብለው በገዛ አፋቸው ነገሯት። እሷም ትመርቃቸው ነበር።

«ሊቅ ሲሉኝ ጽዋው ነው እል ነበር» አሉ። «ጽዋው አይደለም። ያው ጽዋ አይደል እሱን የበላው? እኔን ያዳነኝ የጠጣሁት ስላልረጋ ወዲያው ማስመለሴ ነው፤ ያስተማረኝ ደግሞ ግሱን ከሥሩ ያወረዱልኝ የኔታ ናቸው። ይህንን ዛሬ ነው ያወቅሁት፣ ከአንቺም ከልጅቷም።»

«አባባ፣ ቢረሳው በዚህች ልጅ ላይ አልመጣም» አለች ፋሪሃ። «እርስዎ ነዎት ይዘውት የመጡት። እናቱ ዘንድ ያልደረሰውን እውነት ዛሬ ተናግረዋል። አሁን ይህችን ያትርፏት።»

መሪጌታ ተነሡ። በዚያው ጠራራ ፀሐይ ጎረቤት ግቢ ገብተው ተክሉን አንድ ሳያስቀሩ ከነሥሩ ነቀሉት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ያዘጋጁትን ሁሉ ከነማሰሮው ቀበሩት። ፋሪሃ ግን ይህ አይበቃም አለች፤ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ አስቆማ ሁለቱንም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መሪጌታን የተናገራቸውን ንግግር እዚህ አንጽፈውም። ልጅቷን አንድ ሌሊት አስተኝቶ ተከታተላት፤ ይህ ተክል ስንቱን ገድሏል፣ ስንቱን አሳብዷል፣ እሷ እድለኛ ናት አለ። ዓይኗ በአራተኛው ቀን ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ፋሪሃ ሥራዋን ስትጨርስ በየቀኑ ትመጣለች። መጀመሪያ ያደረጉት ግድግዳውን ማጠብ ነበር፤ ጥቁሩ ውኃ በባልዲ በባልዲ ወጣ፤ የተቆለፉት ክፍሎች ተከፍተው ነፋስ ገባባቸው። አንዱን ግድግዳ ብቻ ለትምህርት አስቀሩ። መካከሉ ላይ ስልሳ ያህል ሥሮች ተጻፉ፤ በግራ ከፊት የሚቀጠሉት፣ በቀኝ ከኋላ የሚቀጠሉት። መሪጌታም መቋሚያቸውን ተደግፈው ለእያንዳንዱ የግእዝ አቻ ይፈልጋሉ፤ ካጡም ይናደዳሉ። ዮሳቤጥ የበሽታ ስም ስትማር መጨረሻው አይቲስ ከሆነ አንድ ነገር ተቆጥቷል ማለት መሆኑን ያዘች፤ ጋስትራይቲስ የጨጓራ፣ አርትራይቲስ የመገጣጠሚያ፣ ሄፓታይቲስ የጉበት። አይታ የማታውቀው ስም ሲመጣም ግማሹን ታውቀዋለች።

እንግዲህ ጥቅሙን ሳንናገር ብናልፍ ይህን ሁሉ ማውራታችን ከንቱ ይሆናል። ቃልን በጅምላ የሚሸመድድ ልጅ የሚያውቀው የሸመደደውን ብቻ ነው፤ የዘነጋውም ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ሥሩን የያዘ ግን ያላየውንም ሊገምት ይችላል፤ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ የት እንደሆነ ያውቃል። ጊዜ ይተርፈዋል፣ እንቅልፍ ይተርፈዋል፣ ከሁሉም በላይ አእምሮው ይተርፈዋል። ወላጆችም ይስሙ። ልጅ ትምህርት አልገባው ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የልጁ ራስ ላይ አይደለም፤ አንዳንዴ የአስተማሪው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ሳይመረምሩ ራሱን በመድኃኒት መክፈት ወንጀል ነው። የፋሪሃን ዓይነት እውቀት ደግሞ የሰው ወለል እየጠረገ ስንቱ ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጠ ማን ቆጠረው? ጎረቤት ያለውን ሰው ምን ታውቃለህ፣ ምን ታውቂያለሽ ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም።

የዮሳቤጥ ስም ከአርባዎቹ መካከል ሠላሳ አንደኛ ሆኖ የወጣው ከወር በኋላ ነው። ወርቅውሃ ከካይሮ ደውላ እልል ብላለች። የመሪጌታ ትልቁ ደስታ ግን የዚያን ቀን አልነበረም፤ የፈተናው ዕለት ነበር።

የፈተናው ዕለት ዮሳቤጥ ድልድዩን ተሻግራ ከባሕሪ ስትመለስ ቀትር ሆኗል። መሪጌታ በር ላይ ቆመው ጠበቋት፤ እንዴት ነበር አሏት።

«አንድ ቃል ሥሩም ራሱም አልገባኝም» አለቻቸው ጫማዋን እያወለቀች።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ትቼው አለፍኩ፣ አባባ።»

ቀዝቃዛ ፉል በዳቦ በላች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። መሪጌታ ዱካ ላይ ተቀምጠው ከንፈሯን ይጠባበቁ ጀመር፤ ቃል ስትሸመድድ በሰነበተችበት ጊዜ እንደሚሆነው በእንቅልፏ አንድ ቃል ይወጣ እንደሆነ ጆሯቸውን አቅንተው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ልጅቷ አፏን ገጥማ፣ እንደ ማንኛውም የደከመ ልጅ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ተኛች። ሽማግሌው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።